በጎንደር ዙሪያ መዥገርን ለጂኖም ጥናት እንዴት መሰብሰብ ይቻላል?

በደምቢያ ሜዳና በጎንደር ዙሪያ ከሚሰማሩ ከብቶች መዥገር ለቅሞ ዲኤንኤውን ለማጥናት የሚያስብ ተማሪ ወይም ተመራማሪ፣ የቤተ ሙከራ መሣሪያ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ከላሟ ጎን የተበላሸን ናሙና እንደማያድን ማወቅ ይኖርበታል።

ባለቤቱ ከፈቀደና ከብቱ በሚገባ ከተያዘ በኋላ ጆሮው፣ የአንገቱ ሥር፣ ብሽሽቱ፣ ግቱና የጭራው ሥር ይፈተሻሉ። ሂያሎማ የሚባሉት መዥገሮች የክሪሚያን ኮንጎ ትኩሳትን ወደ ሰው ስለሚያስተላልፉ ያለ ጓንት መንካትም ሆነ በጥፍር መጨፍለቅ አይገባም። ዝርያው በዓይን የሚለየው በከፊል በአፉ ስለሆነ፣ አፉ ተቆርጦ እንዳይቀር መዥገሩን ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ ከቆዳው አስጠግቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ያስፈልጋል።

የተለቀመው መዥገር ወዲያውኑ 95 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ውስጥ ይግባ። ፎርማሊን ዲኤንኤን ይጎዳል፤ ካቲካላም ውሃው ስለሚበዛ ምትክ አይሆንም። ደም የጠገበ መዥገር ውስጡ ሳይደርቅ ሊበሰብስ ስለሚችል ቆዳው በመርፌ ተበስቶ አልኮሉ በርከት ይደረግለታል። ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የከብቱ ዓይነትና መዥገሩ የተነቀለበት የአካል ክፍል በወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፎ ከናሙናው ጋር ብልቃጡ ውስጥ ይቀመጥ፤ የእስክሪብቶን ቀለም አልኮል ያጠፋዋል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የውጤቱ ትርጓሜ ነው። ደም በጠገበ መዥገር ውስጥ የተገኘ፣ አናፕላዝማ ወይም ባቤሲያ የተባሉት በሽታ አምጪ ተዋሲያን ዲኤንኤ ከላሟ ደም ብቻ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ መዥገሩ በሽታውን ያስተላልፋል ለማለት አያስችልም። ስለዚህ መዥገሩ የጠገበ ወይም ያልጠገበ መሆኑ ይመዝገብ፤ የሚቻል ከሆነም የምራቅ እጢው ለብቻው ተወስዶ ይመርመር። የዝርያው ጠባይም ይታሰብ፤ በልብ ዙሪያ ውሃ የሚያቋጥረውን በሽታ የሚያስተላልፈው አምብሊዮማ ቫሪጌተም በየዕድገት ደረጃው እንስሳ ሲቀያይር፣ ቡፊለስ ግን ከእጭነት እስከ ጉልምስና በአንድ ከብት ላይ ይቆያል፤ ባቤሲያንም በእንቁላሉ በኩል ለልጆቹ ያወርሳል።

ዝርያን ለማረጋገጥ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የመዥገሩን ዲኤንኤ በሙሉ፣ ማንበብ አያስፈልግም። በ2016 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው የመዥገር ጂኖም፣ የአሜሪካው ኢክሶደስ ስካፑላሪስ፣ ወደ 2.1 ቢሊዮን የሚጠጉ የዲኤንኤ ፊደላት ያሉትና አብዛኛው ክፍሉ ድግግሞሽ ስለሆነ ሥራውን እጅግ አዳጋች አድርጎት ነበር። ለጀማሪ ኮክስ1 እና 16ኤስ የተባሉት ጂኖች ይበቃሉ። ዲኤንኤውም ከጥቂት እግሮች ብቻ ቢወጣ፣ ቀሪው አካል በአልኮል ተቀምጦ ጥርጣሬ በተነሣ ጊዜ እንደገና ሊመረመር ይችላል።