በሁለት ሊኩዊድ ክሪስታል የፖላራይዜሽን ምስል ማንሳት

የብርሃን ሞገድ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ፖላራይዜሽን ይባላል። እሱን በምስል ለመለካት ፖላራይዘር (አንድ የውዝዋዜ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) በእጅ እያዞሩ አራት ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ግን በዞረ ቁጥር ምስሉ በትንሹ ይንሸራተትና ፎቶዎቹ ሲቀናነሱ በየጠርዙ የሌለ ፖላራይዜሽን ይታያል። ሊኩዊድ ክሪስታል ሪታርደር (የብርሃኑን አንድ የውዝዋዜ አቅጣጫ ከሌላው የሚያዘገይ መስታወት) የሚታዘዘው በቮልቴጅ ስለሆነ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም።

ከዕቃው ወደ ካሜራው፦ አክሲሱ 0 ዲግሪ የሆነ ሪታርደር፣ 45 ዲግሪ የሆነ ሁለተኛ ሪታርደር፣ 0 ዲግሪ ላይ የታሰረ ፖላራይዘር፣ የ550 ናኖሜትር ጠባብ ማጣሪያ፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ጥቁርና ነጭ ካሜራ። ሪታርደሮቹ ከ550 ናኖሜትር በላይ ማዘግየት የሚችሉ ይሁኑ። ማጣሪያውን አትተዉት፤ ለአረንጓዴ ግማሽ ሞገድ (የሞገዱ ርዝመት እኩሌታ) የሆነው መዘግየት ለቀይ አይሆንም። አውቶማቲክ ኤክስፖዠርና ጌይን ይጥፋ፣ የካሜራው ቁጥር ከብርሃኑ ጋር እኩል እንዲያድግ ጋማ 1 ይሁን።

ለሪታርደሮቹ 2 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ዌቭ ስጡ። አማካዩ ዜሮ ቮልት መሆኑን በኦሲሎስኮፕ እዩ፤ ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር ቮልቴጅ) ከተቀላቀለበት አዮኖች ወደ አንድ ወገን ይከማቹና ክሪስታሉ ይበላሻል።

ዋናው ሥራ ካሊብሬሽኑ ነው። እያንዳንዱን ሪታርደር ለብቻው፣ እርስ በርስ 90 ዲግሪ በሆኑ ሁለት ፖላራይዘሮች መሃል በ45 ዲግሪ አቁሙ። ቮልቴጁን ከ10 ጀምሮ በ0.05 እያወረዳችሁ ብርሃኑን መዝግቡ። ብርሃኑ መጀመሪያ ጣሪያ የሚነካበት ግማሽ ሞገድ ነው፤ ወደዚያ ሲወጣ የጣሪያው እኩሌታ ላይ የደረሰበት ሩብ ሞገድ፤ ከጣሪያው ወርዶ እንደገና የሚጨልምበት ሙሉ ሞገድ። 10 ቮልትን እንደ ዜሮ አትቁጠሩት፤ መስታወቱ ላይ የተጣበቁት ሞለኪውሎች ስለማይዞሩ ጥቂት መዘግየት ይተርፋል። በዜሮ ፋንታ ሙሉ ሞገድን ተጠቀሙ። ክሪስታሉ ሲሞቅ መዘግየቱ ይቀንሳል፤ የክፍሉ ሙቀት ከተለወጠ ድገሙት።

አራቱ ፎቶዎች፦ ሀ፣ ሁለቱም ሙሉ ሞገድ። ለ፣ አንደኛው ሙሉ፣ ሁለተኛው ግማሽ። ሐ፣ አንደኛው ሙሉ፣ ሁለተኛው ሩብ። መ፣ ሁለቱም ሩብ። ቮልቴጅ በቀየራችሁ ቁጥር 100 ሚሊሰከንድ ጠብቁ፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ሞለኪውሎቹ በራሳቸው ነው የሚመለሱት፣ ይዘገያሉ። በ50 ኸርዝ መብራት ስር ኤክስፖዠሩ የ10 ሚሊሰከንድ ብዜት ይሁን። ሌንሱን ከድናችሁ ያነሳችሁትን ጨለማ ፎቶ ከሁሉም ቀንሱ።

ከዚያ ፖላራይዜሽኑን የሚገልጹትን አራት የስቶክስ ቁጥሮች አስሉ፦ ኤስ0 ጠቅላላ ብርሃን፣ ኤስ1 የ0 እና የ90 ዲግሪ ልዩነት፣ ኤስ2 የ45 እና የ135 ዲግሪ ልዩነት፣ ኤስ3 ክብ (እየዞረ የሚሄድ) ፖላራይዜሽን።

ኤስ0 = ሀ + ለ
ኤስ1 = ሀ − ለ
ኤስ2 = 2 × መ − ኤስ0
ኤስ3 = 2 × ሐ − ኤስ0

የኤስ1ና የኤስ2 ካሬዎች ድምር ስኩዌር ሩት ለኤስ0 ሲካፈል የመስመራዊ ፖላራይዜሽን መጠን ይሰጣል። ፊት ለፊት በ45 ዲግሪ ፖላራይዘር ስታስቀምጡ ወደ 1 መጠጋት አለበት፤ ኤስ2 ኔጌቲቭ ከወጣ ምልክቱን ገልብጡ። ከኋላው የበራ ነጭ ወረቀት ደግሞ ወደ 0 ይጠጋል። ሁለቱን ካለፈ፣ በኮምፒውተር ስክሪን ፊት ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ ያዙ፦ በቀዳዳው ዙሪያ የታመቀው ውጥረት ኤስ3 ላይ በነጭና በጥቁር ቀለበት ይወጣል።