ጭንቅላቱን ለክቼ እግሩን ረሳሁት

የ1960ዎቹ ፌንደር ጊታሬ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ተበልተው አልቀው ስለነበር አዲስ የፍሬት ሽቦ አዘዝኩ። ከላይ ሲታይ ከአሮጌው አይለይም፤ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1 ሚሊ ሜትር ቁመት። ስምንተኛውን በመዶሻ እንዳስገባሁ ግን አንገቱ ወደ ኋላ ተለመጠ። ክሮቹም መጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ተኝተው ይንጣጡ ጀመር።

ጥፋቱ የእኔው ነው። የሽቦውን የሚታይ ክፍል፣ ጭንቅላቱን፣ ለክቼ፣ እንጨቱ ውስጥ የሚቀበረውን እግር ሳልለካ ቀረሁ። እግሩ የሚገባበት የእንጨቱ ስንጥቅ ስፋት 0.55 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአዲሱ ሽቦ እግር 0.65 ነበር። እያንዳንዱ ፍሬት እንደ ሽብልቅ እንጨቱን ይገፋል፤ ግፊቱ ሲደማመር አንገት ያጎብጣል።

ደግነቱ አሮጌዎቹን አልጣልኳቸውም። አንዱን በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ስለካው እግሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በጎኑ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች ናቸው አጥብቀው የሚይዙት። በዚያው ልክ ሌላ አዘዝኩ።

የድሮ ፌንደር የጣት ሰሌዳ (ፍሬቶቹ የሚተከሉበት የአንገቱ ፊት) ጉብታ 184 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ አለው። ሽቦውን ከዚያ ትንሽ አብልጬ ቆለመምኩት፤ አለዚያ ጫፎቹ ይነሳሉ። ወፍራሞቹን ስነቅል ከሰሌዳው ሁለት ቦታ ስብርባሪ ተነስቷል፤ በሙጫ መለስኩት። አንገቱ ቀንቷል፣ ክሮቹም አይንጣጡም።