የመርሴዲስ ደብልዩ 123ን ታሪክ ከመኪናው ገላ ላይ ማንበብ

መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1976 ለሕዝብ ያቀረበውና በፋብሪካው የውስጥ መጠሪያ ደብልዩ 123 የሚባለው መካከለኛ መኪና፣ የመጨረሻው በጃንዋሪ 1986 ከማምረቻው እስኪወጣ ድረስ በዐሥር ዓመት ውስጥ ወደ 2.7 ሚሊዮን በሚጠጋ ቁጥር ተመርቷል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ አንዱ ዛሬ ለሽያጭ ሲቀርብላችሁ አርባ ዓመት የኖረ፣ ምናልባትም ሦስትና አራት አገር የዞረ፣ ሞተሩና መብራቱ ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የየትኛው ዓመትና የየትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየ ወይም የተገጣጠመ መሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት፣ ባለንብረቶች ለመቀየር ብዙም የማይደክሙበትን ክፍል ነው። የፊት ገጽታው፣ የኋላው ጽሑፍና ቀለሙ መጨረሻ ላይ የሚጠየቁ ምስክሮች ናቸው።

ሥራው የሚጀምረው ኮፈኑን ከፍቶ የሻንሲ ቁጥሩን ከመጻፍ ነው። ቁጥሩ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ላሜራው ላይ ተመትቷል፤ በተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳ ላይም ይገኛል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸውና ከሊብሬው ጋር ካልተስማሙ ገና ከመነሻው መጠርጠር ተገቢ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት የመጡት ባለ 17 ምልክት ቁጥሮች በደብልዩ፣ በዲ እና በቢ ሆሄያት ይጀምራሉ፤ የቀድሞዎቹ ግን በቀጥታ 123 ብለው ይነሣሉ። ዋናው ትርጉም ያለው ከ123 ቀጥሎ በሚመጡት ሦስት አኃዞች ላይ ነው። የመጀመሪያው አኃዝ 1 ከሆነ መኪናው ሲወለድ ናፍጣ ነበር፤ 0 ከሆነ የቤንዚን ነው፤ 2 ከሆነ ደግሞ በ1980 የገባውን አዲሱን ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ይዞ የወጣ ነው። ሁለተኛው አኃዝ ቅርጹን ይናገራል፦ 2 ወይም 3 ባለ አራት በር ሴዳን፣ 4 ወይም 5 ባለ ሁለት በር ኩፔ፣ 8 ወይም 9 ደግሞ ፋብሪካው በ«ቲ» ፊደል የሚጠራው ስቴሽን ዋገን ነው። በዚህ ስሌት 123.123 ማለት 240 ዲ፣ 123.130 ማለት 300 ዲ፣ 123.033 ማለት 280 ኢ፣ 123.223 ደግሞ 230 ኢ ነው። ከእነዚህ ስድስት አኃዞች ቀጥሎ 1 ካለ መሪው በግራ፣ 2 ካለ በቀኝ ነበር፤ በአሮጌው አጻጻፍ ከዚያ በኋላ የሚመጣው 0 የእጅ ካምቢዮን፣ 2 ደግሞ አውቶማቲክን ያመለክታል።

ይህ ከታወቀ በኋላ ብቻ ወደ ኋላ ዞሮ በሻንጣ ክፍሉ ክዳን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል። ቁጥሩ 123.020 እያለ ክዳኑ 280 ኢ የሚል ከሆነ ጽሑፉ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የተለጠፈ ነው። ጽሑፍ ጨርሶ አለመኖሩ ግን የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ የገዙትን ሞተር መጠን ጎረቤት እንዲያውቅባቸው የማይፈልጉ ደንበኞች ያለ ጽሑፍ እንዲሠራላቸው ማዘዝ ይችሉ ነበርና።

ቀጥሎ የሞተር ቁጥር ነው። ሞተሩ ብሎክ ላይ የተመታው ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የሞተሩን ቤተሰብ ይነግራሉ። 615 የ200 ዲ እና የ220 ዲ፣ 616 የ240 ዲ፣ 617 የባለ አምስት ሲሊንደሩ 300 ዲ ነው። በቤንዚን በኩል 115 የቀድሞው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 102 የ1980ው ተተኪው፣ 123 የ250፣ 110 ደግሞ የ280ዎቹ ነው። ከሻንሲው ጋር የማይገጥም ሞተር ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ በተለይ ናፍጣ ርካሽ በሆነባቸው አገሮች ብዙ የቤንዚን ደብልዩ 123ዎች የናፍጣ ሞተር ገብቶላቸዋል። መኪናው ከዚህ የተነሣ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ ዋጋው ግን እንደ ኦሪጅናል ሊጠየቅበት አይገባም።

የናፍጣውን ጉልበት በተመለከተ ገዢ ራሱን ማታለል የለበትም። የመጀመሪያው 200 ዲ 55 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። 240 ዲ በ65 ጀምሮ ወደ 72 ከፍ ብሏል፤ 300 ዲ ከ80 ወደ 88 አድጓል። ተርቦ የተገጠመለት ስቴሽን ዋገን በ1980 በ125 የፈረስ ጉልበት መጥቷል። በአውሮፓ ይህ ሞተር የተሸጠው በስቴሽን ዋገኑ ላይ ስለሆነ፣ ተርቦ ያለው ሴዳን ካጋጠማችሁ አብዛኛውን ጊዜ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው፤ ረጅም ሆነው ወደ ውጭ የወጡት ባምፐሮቹም ይህንኑ ይመሰክራሉ።

አሁን ወደ ዓመቱ እንምጣ። በሠፊው የሚነገረው ደንብ «ክብ መብራት ካለው አሮጌ፣ አራት ማዕዘን ካለው አዲስ» የሚል ነው፤ ግማሽ እውነት ነው። እስከ 1982 ድረስ ዝቅተኛዎቹ ሞዴሎች በአንድ መስታወት ሥር ሁለት ክብ መብራት ነበራቸው፤ 280ዎቹና ኩፔዎቹ ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ አራት ማዕዘኑን ይዘው ወጥተዋል። በሴፕቴምበር 1982 በተደረገው እድሳት አራት ማዕዘኑ ለሁሉም ተሰጠ። በአሜሪካ ደግሞ በሕጉ ምክንያት ክብ መብራቶች እስከ መጨረሻው ቀጥለዋል። በዚያ ላይ መብራት በጥቂት ቡሎኖች የሚፈታ ዕቃ ስለሆነ የ1977 መኪና የ1984 ፊት ለብሶ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ከመብራት ይልቅ የሚታመኑት ውስጥ ያሉት ናቸው። በ1979 በተደረገው የመጀመሪያ እድሳት ትልቁ መሪ በአነስተኛው ተተክቷል። በኦገስት 1980 የፍሬን መቆለፍ መከላከያው፣ ማለትም ኤቢኤስ፣ በተጨማሪ ክፍያ መታዘዝ ጀመረ። የኃይል መሪ በሁሉም ላይ መደበኛ የሆነው በ1982 ነው፤ ስለዚህ የኃይል መሪ የሌለው 200 ዲ ከዚያ በፊት የተሠራ መሆኑን በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። 220 ዲ ደግሞ በ1979 ስለተቋረጠ ይህን ዓይነት መኪና የ1983 ነው የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ አያፍርም።

በቅርጾቹ በኩል፣ ኩፔው በ1977 የጸደይ ወራት በጄኔቫ፣ ስቴሽን ዋገኑ በዚያው ዓመት በመስከረም ገደማ በፍራንክፈርት ታይተዋል። ሴዳኑ በዚንደልፊንገን ሲሠራ ስቴሽን ዋገኑ ከ1978 ጀምሮ የተመረተው በብሬመን ነው። ስቴሽን ዋገኑ የኋላ ከፍታውን በዘይትና በጋዝ ግፊት ራሱ የሚያስተካክል ሥርዓት ከፋብሪካ ስለሚመጣለት፣ ባዶውን ቆሞ ኋላው የተቀመጠ ከሆነ ይህ ሥርዓት ወይ አርጅቷል ወይ ተነቅሎ በተራ ስፕሪንግ ተተክቷል። ከእነዚህ ሌላ በ63 ሳንቲ ሜትር የረዘመና ሰባት ወይም ስምንት ሰው የሚይዝ ሴዳንም ነበር፤ የተሠራው ወደ 13,700 ብቻ ስለሆነ በአጋጣሚ ካገኛችሁት ሁለቴ ተመልከቱት።

የናፍጣ መኪና ስትፈትሹ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ሞተሩን አስነሥታችሁ ጥቂት ካሠራችሁት በኋላ በቁልፍ አጥፉት። ሞተሩ የሚቆመው ቁልፉ በሚያዝዘው የቫኪዩም መሳብ የነዳጅ ፖምፓው ሲዘጋ ስለሆነ፣ ቁልፉ ከወጣ በኋላም የሚንደቀደቅ ከሆነ ቫኪዩሙ አንድ ቦታ ይተነፍሳል። የማዕከላዊ በር መቆለፊያ ያለው መኪናም በዚሁ ቫኪዩም የሚሠራ ስለሆነ ሁለቱ ችግሮች ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ሞተሩን በእጅ ለማቆም ኮፈን ሥር «ስቶፕ» የሚል ማንሻ አለ፤ ሻጩ ሳይጠየቅ እጁን ወደዚያ ከላከ ችግሩን ቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው።

ዝገት ግን የዚህ መኪና እውነተኛ ጠላት ነው፤ ሞተር ይገኛል፣ ላሜራ ግን ቆርጦ መበየድ ይጠይቃል። ጨርቅ የተጠቀለለበት ማግኔት ይዛችሁ በፊት ፓራፋንጎዎቹ በመብራቶቹ ዙሪያ፣ በክሪክ መግቢያዎቹ፣ በባትሪው ማስቀመጫ ሥር፣ በኋላ ጎማዎቹ ቅስቶች፣ በበሮቹ ግርጌና በፊት መስታወቱ ጠርዝ ላይ አሳልፉት። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ቅያሪ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ምንጣፉን አንሥታችሁ እዩት፤ ውኃ የቋጠረ ከሆነ የመስታወቱ ወይም የኋላ መብራቶቹ ጎማዎች ያስገባሉ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እመኑ ወይም አትመኑ የምለው ነገር የለኝም፤ የፔዳሎቹ ጎማና የሾፌሩ ወንበር መውረድ ይበልጥ ይናገራሉ። ስለዚህ መኪና ጥንካሬ ስታወሩ ግን አንድ ስሕተት አርሙ፦ በሙዚየም የሚገኘው 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሄደው የግሪክ ታክሲ ብዙ ጊዜ ደብልዩ 123 ነው ይባላል፤ በእውነቱ ግን ከ1968 እስከ 1976 የተሠራው የቀዳሚው ትውልድ 240 ዲ ነው። ደብልዩ 123 የራሱ ዝና ስላለው መበደር አያስፈልገውም፤ በ1977 ከለንደን እስከ ሲድኒ በተደረገው የረጅም ርቀት ውድድር 280 ኢ አንደኛም ሁለተኛም ወጥቷል።

መኪናውን ከገዛችሁ በኋላ በሻንሲ ቁጥሩ የፋብሪካውን የትውልድ ካርድ ከመርሴዲስ ቤንዝ ጠይቁ። በካርዱ ላይ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው የሞተርና የካምቢዮ ቁጥር፣ የቀለሙ ኮድ፣ የወንበሩ ጨርቅና በተጨማሪ ክፍያ የታዘዙት ዕቃዎች በኮድ ተዘርዝረው ይገኛሉ። በጀርመን የምትኖሩ ከሆነ ይህ ካርድ ሌላም ጥቅም አለው፤ 30 ዓመት የሞላውና ወደ ኦሪጅናሉ የቀረበ መኪና የታሪካዊ መኪኖች መለያ የሆነው የ«ኤች» ሰሌዳ እንዲሰጠው ለመርማሪ በሚቀርብበት ጊዜ፣ ቀለሙና ሞተሩ የራሱ መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የሚሻል ወረቀት አይገኝም።