«ልጅ ምን ያውቃል?»፦ በሕፃንነት ትዝታ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አብዛኛው አዋቂ ወደ ኋላ ሄዶ የመጀመሪያ ትዝታውን ሲፈልግ የሚያገኘው 3 ዓመት ወይም 3 ዓመት ተኩል ገደማ ሳለ የሆነ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ያለው ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 7 ዓመት ያለውም ቢሆን እዚህም እዚያም የተበጣጠሰ ነው። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ «ምንም አያስታውስም» ብሎ ይተወዋል፣ ወይ አንድም ነገር እንዳያመልጠው ልጁን በፎቶና በጥያቄ ያጨናንቀዋል። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል።

«ልጅ ምን ያውቃል» ማለት

ሕፃን ያውቃል፤ ያስታውሳልም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ካሮሊን ሮቪ ኮሊየር ይህን ያሳዩት በቀላል ዘዴ ነበር። ከአልጋው በላይ መጫወቻ ይንጠለጠልና ከመጫወቻው የሚወርደው ጥብጣብ በሕፃኑ ቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰራል። ሕፃኑ እግሩን ሲያወራጭ መጫወቻው ይወዛወዛል። ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ይማረዋል። ከዚያ የሚፈተነው ከቀናት በኋላ ያንኑ መጫወቻ ሲያይ እግሩን ማወራጨቱ ነው። የ2 ወር ሕፃን የተማረውን ለ1 ወይም ለ2 ቀን ይይዛል፤ የ3 ወሩ ለ1 ሳምንት ያህል፣ የ6 ወሩ ደግሞ ለ2 ሳምንት ያህል። ከፍ ላሉት በተዘጋጀው ሙከራ ልጁ ማንሻ ሲጫን አሻንጉሊት ባቡር ይሄዳል፤ በዚህኛው የ1 ዓመት ተኩል ልጆች እስከ 13 ሳምንት ድረስ አስታውሰዋል።

ከዚሁ ሥራ ለቤት የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ተገኝተዋል። አንደኛው፣ የረሳ የመሰለ የ3 ወር ሕፃን ከፈተናው አንድ ቀን አስቀድሞ መጫወቻው ሲወዛወዝ ለ3 ደቂቃ ብቻ ቢያይ ትምህርቱ ይመለስለታል። ሁለተኛው፣ የ6 ወር ሕፃን በአልጋው ዙሪያ ያለው ጨርቅ ከተቀየረበት፣ በተማረ በማግስቱ እንኳ ምንም የማያውቅ ይመስላል። በዚህ ዕድሜ ትዝታ ከቦታውና ከዕቃው ጋር አብሮ የተያዘ ነው። ቤት ስትቀይሩ ወይም አዲስ ሞግዚት ስትቀጥሩ የለመደውን ብርድ ልብስና የመኝታ ሥርዓቱን ሳትነኩ አቆዩለት። ቤቱም፣ ሰዉም፣ አልጋውም በአንድ ሳምንት ከተለወጡ የለመደውን ሁሉ የጣለ ቢመስላችሁ አትደነቁ።

የሚረሳው መጀመሪያውኑ ስላልተመዘገበ ነው ብሎ ማመን

ይህ አስተሳሰብ በባለሙያዎችም ዘንድ ብዙ ቆይቷል። ምክንያት ነበረው። የሆነን ነገር ከነቦታውና ከነጊዜው አስሮ የሚይዘው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በሕፃንነት ገና አልበሰለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ጥናት ከ4 እስከ 25 ወር የሆናቸው 26 ሕፃናት ሥዕል እያዩ አንጎላቸውን ቀርጿል። ሥዕሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ሂፖካምፐሱ ይበልጥ የሠራለት ሕፃን፣ ያው ሥዕል ከአዲስ ሥዕል አጠገብ ተመልሶ ሲመጣ ረዘም አድርጎ አይቶታል። ነገሩ ከ1 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ጎልቶ ነበር። ስለዚህ ምዝገባ አለ።

ታዲያ የተመዘገበው የት ይሄዳል? በካናዳ ቶሮንቶ የሚሠሩት ተመራማሪዎች ፖል ፍራንክላንድና ሺና ጆስሊን እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ጠንካራ ፍንጭ አቀረቡ። በጨቅላነት ሂፖካምፐስ ውስጥ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት በብዛት ይወለዳሉ። እያንዳንዱ አዲስ ሕዋስ ራሱን ሲያገናኝ በዚያ የነበረውን የግንኙነት መረብ ይለውጠዋል፤ ቀድሞ የተቀመጠውን ማግኘትም ይከብዳል። በአዋቂ አይጦች ላይ የሕዋሳቱ ውልደት እንዲጨምር ሲደረግ መርሳት ጨመረ፤ በጨቅላ አይጦች ላይ ሲቀንስ ደግሞ ትዝታው ቆየ። ሂፖካምፐሳቸው ከሞላ ጎደል በስሎ የሚወለዱት የጊኒ አሳማዎች በጨቅላነታቸው የተማሩትን እንደ አይጥ አይረሱም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከዚያው ከቶሮንቶ የወጣው ግን ከሁሉ የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ጨቅላ አይጦች ሲማሩ የሠሩት የነርቭ ሕዋሳት ምልክት ተደርጎባቸው፣ አይጦቹ ካደጉና ከረሱ በኋላ እነዚያው ሕዋሳት በብርሃን ተቀሰቀሱ። የጠፋው ትዝታ ተመለሰ። ለሰው ልጅ እንዲህ ያለ ሙከራ ማድረግ አይቻልም፤ ቢያንስ በአይጥ ግን መርሳት ማለት መደምሰስ ብቻ እንዳልሆነ አይተናል። ባለቤቱ መግቢያውን ያጣው፣ ግን ያልጠፋ ነገር አለ።

3 ዓመት ሲሞላው ከመርሳት ይወጣል ብሎ መጠበቅ

የ4 ዓመት ልጅ ባለፈው ዓመት የሆነውን አጥርቶ ሲናገር ሲሰሙ ወላጆች «ይሄንስ አይረሳውም» ይላሉ። ይረሳዋል። ተመራማሪዎቹ ፓትሪሺያ ባወርና ማሪና ላርኪና 3 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ስለ ቅርብ ጊዜ ክስተቶች አነጋግረው፣ ቆይተው ስለ እነዚያው ክስተቶች ጠየቋቸው። ከ5 እስከ 7 ዓመታቸው የተጠየቁት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ክስተቶች አስታወሱ። በ8 እና በ9 ዓመታቸው የተጠየቁት ግን ከ40 በመቶ በታች። ትልቁ መጥፋት የሚመጣው 7 ዓመት አካባቢ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁሉም ያደገ ሲመስለው ነው።

ስለዚህ ልጁ በራሱ አንደበት የሚናገረውን ትዝታ መመዝገብ የሚገባው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በደብተር ይሁን በስልክ የድምፅ ቅጂ፣ የራሱን ቃላት ሳታርሙ ያዙ፤ የተናገረበትን ቀንና ዕድሜውንም ጻፉበት።

እንደ ፈተና መጠየቅ

እንግዳ ፊት የሚደረገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ጥምቀት ዕለት የት ሄድን? ንገሪያቸው እንጂ! ጃን ሜዳ አይደለም? ረሳሽው?» ልጅቷ አንገቷን ትደፋለች። እዚህ ውስጥ የጥያቄው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ የእናት እንጂ የልጅ አይደለም።

ተመራማሪዎቹ ሮቢን ፊቩሽና ኢሌን ሪስ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ከዚህ የተለየ አነጋገር ነው፦

«ጥምቀት ዕለት ምን አየሽ?»
«ከበሮ።»
«አዎ፣ ከበሮ! ማን ነበር የሚመታው?»
«ሰውዬው።»
«ነጭ የለበሰው ሰውዬ። ውሃው ሲረጭብሽስ ምን አልሽ?»
«በረደኝ።»
«በርዶሽ ነበር፤ አለቀስሽም። ከዚያ ማን አቀፈሽ?»
«አባዬ።»

እናት ሦስት ነገር አድርጋለች። ክፍት ጥያቄ ጠየቀች፣ ልጅቷ ያመጣችውን ተቀብላ አጸደቀች፣ በየተራው አንድ ዝርዝር ብቻ ጨመረች። ስሜቱንም አልዘለለችም። ልጆቻቸውን እንዲህ የሚያዋሩ ወላጆች ልጆች ቆይተው ስለ ራሳቸው ሲተርኩ የበለጠ ዝርዝር እንደሚያነሱ በተደጋጋሚ ታይቷል። በኒውዚላንድ፣ ያለፈን ነገር በቃል መተረክ ትልቅ ቦታ ባለው የማኦሪ ማኅበረሰብ ውስጥ አዋቂዎች የመጀመሪያ ትዝታቸውን በአማካይ 2 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ላይ ያገኙታል፤ አውሮፓዊ ዝርያ ያላቸው የአገሩ ሰዎች ግን 3 ዓመት ተኩል አልፈው። ለትዝታ ከተገዛ መጫወቻ ሁሉ ይልቅ ጭውውት ይሠራል ብለን በሙሉ እምነት እንናገራለን።

አሠራሩ ቀላል ነው። በ1 ዓመት ተኩል ገደማ፣ ልጁ ጥቂት ቃላት ሲኖሩት ይጀመራል። ነገሩ በሆነ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ፣ ከመኝታ በፊት ወይም ቡና ሲፈላ ለ5 ደቂቃ ያህል ስለ አንድ ክስተት ብቻ አውሩ። ልጁ ዝም ካለ ያንኑ ጥያቄ አትደጋግሙ፤ አንድ ፍንጭ ጨምሩና ጠብቁ። ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ መልሳችሁ አንሱት። ልጁ ካልፈለገ ተዉት።

መልስ ማጉረስ

ከላይ ያለው መልካም ነገር በአንድ እርምጃ ወደ ጉዳት ይለወጣል፦ ያልሆነውን በመጨመር። የስዊስ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በሕፃንነቱ ፓሪስ ውስጥ ሊሰረቅ እንደነበረና ሞግዚቱ ታግላ እንዳዳነችው፣ ፊቷ ላይ የነበረውን ጭረት ሳይቀር እያየ አደገ። 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞግዚቷ ታሪኩን ራሷ እንደፈጠረችው በደብዳቤ ተናዘዘች። የትዝታ ተመራማሪዋ ኤልሳቤጥ ሎፍተስ በሙከራቸው «በ5 ዓመትህ ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተህ ነበር» የሚል ሐሰተኛ ታሪክ ከእውነተኞቹ ጋር ደባልቀው ለ24 ሰዎች ሰጡ፤ ሩብ ያህሉ በሙሉ ወይም በከፊል «አስታወሱት»። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የልጅነት ፎቷቸው ተቀናብሮ በሞቃት አየር ፊኛ ላይ የሚታዩ 20 ሰዎች በተደጋጋሚ ሲጠየቁ ግማሾቹ ያልተሳፈሩበትን በረራ መተረክ ጀመሩ።

ይህ በጣም የሚያሰጋው ልጅ ተጎድቷል ተብሎ በተጠረጠረ ጊዜ ነው። «እሱ ነው አይደል የመታህ?» አይባልም። «ምን እንደሆነ ንገረኝ» ይባላል፤ ከዚያም «ከዚያስ?»። ጥያቄው አንድ ጊዜ ተጠይቆ የልጁ ቃል እንዳለ ይጻፋል፤ የቀረው ለሠለጠነ ባለሙያ ይተዋል። እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት በየተራ ከጠየቁት ልጁ የመጀመሪያ መልሱ ትክክል እንዳልሆነ ይገምትና ይለውጠዋል። ያን ጊዜ እውነተኛው ቃሉም ተዓማኒነት ያጣል።

ፎቶውን ትዝታ አድርጎ መቁጠር

የ40 ወይም የ80 ቀን ክርስትናውን ቪዲዮ ደጋግሞ ያየ ልጅ የሚያስታውሰው ቪዲዮውን ነው። ምልክቱ እይታው ነው፦ ራሱን ከውጭ፣ ካሜራው ከቆመበት ቦታ ያያል። ፎቶው ይጠቅማል፤ ግን «ይሄ ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ ፎቶው ውስጥ ስለሌለው፣ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ስለሆነው ጠይቁት።

የቀን እንቅልፍን መዝለል

እ.ኤ.አ. በ2015 በ6 እና በ12 ወር ሕፃናት ላይ የተደረገ ሙከራ፣ አዲስ ነገር ካዩ በኋላ በ4 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 30 ደቂቃ የተኙት በማግስቱ እንዳስታወሱት፣ ያልተኙት ግን እንዳላስታወሱት አሳይቷል። ጉብኝቱንና ጨዋታውን ከእንቅልፉ ሰዓት ጥቂት ቀደም አድርጉት።

ቋንቋውን ማቋረጥ

ተመራማሪዎቹ ጋብሪዬል ሲምኮክና ሃርሊን ሄይን ትልቅ መጫወቻ ገብቶ ትንሽ ሆኖ የሚወጣበት ማሽን ለ2 እና ለ3 ዓመት ልጆች አሳዩ። ከ6 ወር ወይም ከ1 ዓመት በኋላ ልጆቹ ማሽኑን በእጃቸው ማሠራት ያስታውሱ ነበር። ሲናገሩ ግን ነገሩ በሆነ ጊዜ ባልነበራቸው ቃል አንድም ልጅ አልተጠቀመም፤ በመሃል የተማሩት ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ ትዝታውን አልገለጸውም። ከሩሲያ ወደ አሜሪካ የሄዱ ወጣቶችም በሩሲያኛ ሲጠየቁ የሩሲያ ዘመን ትዝታቸው፣ በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ የአሜሪካው በርከት ብሎ ይመጣላቸው ነበር።

በ4 ዓመቱ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ስቶክሆልም የሄደ ልጅ አማርኛውን ሲያጣ የአያቱን ቤት የሚያነሳበትን ቃልም ያጣል። ሁሉን በአዲሱ ቋንቋ ከመቀየር ይልቅ ስለ ቀድሞው ቤት የሚወራውን በአማርኛ አቆዩ፤ ከዚያም ያንኑ ትዝታ በሁለተኛው ቋንቋ አስተርኩት፣ በሁለቱም መንገድ እንዲደርስበት።

የመጀመሪያ ትዝታን ዕድሜ በግምት መወሰን

እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ከ6,641 ሰዎች 40 በመቶ የሚጠጉት የመጀመሪያ ትዝታቸው 2 ዓመትና ከዚያ በታች ሳሉ የሆነ እንደሆነ ተናግረዋል፤ 893ቱ 1 ዓመትና ከዚያ በታች ብለዋል። ተመራማሪዎቹ አብዛኛውን ከፎቶና ከቤተሰብ ወሬ የተገጣጠመ አድርገው አይተውታል። በተቃራኒው የእውነተኛ ትዝታ ቀን ወደ ኋለኛው ዕድሜ የሚገፋበት ጊዜም አለ። ዕድሜን ለማጣራት ከግምት ይልቅ ቀኑ የሚታወቅ ነገር ፈልጉ፦ የታናሽ መወለድ፣ ቤት መቀየር፣ ሆስፒታል መተኛት።

«ካላስታወሰው አልነካውም» ማለት

በታሪክ መልክ የሚቀመጠው ትዝታ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ሲያለቅስ ማን እንደሚመጣ፣ የትኛው ድምፅ እንደሚያስፈራ፣ በማን ጉያ እንደሚረጋ ያስተማረው ነገር ሳይተረክ ይኖራል። በሩማኒያ የሕፃናት ማሳደጊያ የነበሩ ልጆች ክትትል ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ 2 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የገቡት ከሰው ጋር ያላቸው ቁርኝት ዘግይተው ከገቡት የተሻለ ነበር፤ ምንም እንኳ በዚያ ዕድሜ የሆነው በኋላ ብዙ ጊዜ ባይተረክም።

ሕፃኗን ለአያቷ ትታ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ የሄደች እናት ከ2 ዓመት በኋላ ስትመለስ ልጅቷ ከአያቷ ቀሚስ ሥር ትሸጎጣለች። ብዙዎች በዚህ ጊዜ አያትዮዋን ቶሎ ገለል ያደርጋሉ። አይሆንም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አያትዮዋ ማብላቱንና ማስተኛቱን ይቀጥሉ፤ እናት አጠገባቸው ትቀመጥ። መጀመሪያ ጨዋታውን፣ ቀጥሎ ማብላቱን፣ መጨረሻ ላይ ማስተኛቱን ትረከብ። በስልክ ስታዜምላት የነበረ ዜማ ካለ ያንኑ ታዚምላት፤ ልጅቷ ከየት እንደምታውቀው ባትናገርም ታውቀዋለች።