ከአንድ እጥፋት የሚወጣ ቅጠል

ጎንደር ውስጥ የጆሮ ጌጥ መሥራት ለምትሞክሩ፦ የጌጥ ብር ከማባከናችሁ በፊት በስስ መዳብ ተለማመዱ። ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ ይበቃል። ለሁለት አጥፉት፣ በግማሽ ቅጠል ቅርጽ ቁረጡት፣ ከዚያ የታጠፈውን ጠርዝ ብቻ ቀጥቅጡ። የተመታው ወገን ሲሳሳ ይረዝማል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል። ስለዚህ መዳቡ ራሱ እንደ ማጭድ ይቆለመማል።

መዳብ ሲመታ ይደርቃል። መዶሻው መንጠር ሲጀምር አቁሙና ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሉት። ጥላ ውስጥ ይሁን፤ በእኛ የቀን ፀሐይ ቅላቱ አይታይም። ከዚያ ውሃ ውስጥ ንከሩት። እንደ ምላጭ ብረት ይጠነክራል ብላችሁ አትስጉ፣ መዳብ ይለሰልሳል።

እጥፋቱን ከመክፈታችሁ በፊትም እንደገና አግሉት። እኔ ቸኩዬ እንደደረቀ ፈለቀቅኩት፤ መሃሉ ላይ ቀጭ አለ።