ገበናችሁ አደባባይ ሳይወጣ የመዝናኛ ፓርክ ፍተሻን እንዴት ማለፍ ይቻላል

እማዬ ከአዲስ አበባ የመጣች ዓመት ልጆቹን ይዘን ከሜሪላንድ ወደ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ በመኪና ወረድን። ፓርኩ በር ላይ ስንደርስ ማሽኑ የእማዬ ቦርሳ ላይ ጮኸ። ወደ ጎን ጠረጴዛ ጠሩን። እማዬ ወዲያው ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች። አዲስ አበባ ባንክ ቤት በር ላይ እንደለመደችው ሴት ፈታሽ መጥታ ወገቧን የምትዳብሳት መስሏት ነው። ፈታሹ ግን ወንድ ነበር፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ እጇን ስትዘረጋ እሱ ራሱ ደነገጠ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍቶ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው። የደም ግፊት መድኃኒቷ። ቅያሪ የውስጥ ልብሷ። በሃይላንድ የያዘችው ጠበል። በፌስታል የተቋጠረ በሶ። በወረቀት የተጠቀለለ እምነት። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ሥራ ፈትቶ ያያል።

ፈታሹ ልጅ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የተባረከ አመድ ነው ብሎ ማስረዳት ምን እንደሚመስል እስቲ አስቡት። አለቃውን ጠራ። አለቃውም ሌላ ሰው ጠራ። እማዬ እዚያ ምንም አልተነፈሰችም። ማታ ሆቴል ገብተን ጫማዋን እያወለቀች ነው "ገበናዬን አሰጣው" ያለችው።

የትኛው ፓርክ እንደሆነ ልተወው። ልጁም ክፋት አልነበረውም፣ ሥራውን ነው የሠራው። ቦርሳውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይዤ ስለምሄድ አሁን ነገሩ ገብቶኛል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

1. እምቢ ማለት ትችላላችሁ፣ ግን አትገቡም

"መብቴ ነው፣ ቦርሳዬን አልከፍትም" የሚል ሰው በየሰልፉ አይጠፋም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛው ማሻሻያ ያለ አግባብ ከመፈተሽ ይጠብቃል፣ እውነት ነው። የሚጠብቀው ግን ከመንግሥት ነው። ፓርኩ የግል ግቢ ነው። ፈታሹም የኩባንያ ሠራተኛ ነው እንጂ ፖሊስ አይደለም። በግድ ቦርሳችሁን አይከፍትም፣ እናንተም በግድ አትገቡም። ቦርሳውን ይዛችሁ ወደ መኪናችሁ መመለስ ትችላላችሁ። እንግዲህ መብት የምንለው ይህችው ናት፣ የምትሠራውም ጠረጴዛው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ቢሆን ይሻላል።

ፈታሹ ሕግ የሚከለክለውን ነገር ካገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሸሪፎች፣ ማለትም የአካባቢው ፖሊሶች፣ እዚያው አካባቢ ናቸው። በ2019 ኦርላንዶ አጠገብ ባለው ዲዝኒ ወርልድ በር ላይ አንዲት አያት ለመገጣጠሚያ ሕመም በያዘችው የሲቢዲ (ከካናቢስ ተክል የሚወጣ) ዘይት ምክንያት ታስራለች። ክሱ በኋላ ተነሳላት፣ ቀኑ ግን ሄደ። ስለዚህ "ምን ችግር አለው፣ መድኃኒት ነው" የምትሉት ዘይትም ሆነ ከረሜላ ካለ ቤት ይቅር።

2. የፓርኩን ዝርዝር ከቤት ሳትወጡ አንብቡ

ድረ ገጻቸው ላይ አለ። አምስት ደቂቃ ነው። ሁሉም ፓርክ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የጓደኛችሁን ወሬ አትመኑ።

ዲዝኒ ወርልድ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቅዳል። ማሞቅ የማይፈልግና ኃይለኛ ሽታ የሌለው ይሁን ይላል። ይህን የጻፈው ሰው የእኛን ምሳ ዕቃ ከፍቶ አያውቅም መሰለኝ። ዶሮ ወጡ ለማታ ይቆይ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ማንም አይነካባችሁም። ብርጭቆና ጠርሙስ አይገባም፣ የሕፃን ምግብ ካልሆነ በቀር። የአልኮል መጠጥ አይገባም። የተፈጨ በረዶም አይገባም፣ የሚያቀዘቅዝ ነገር ከፈለጋችሁ የታሸገውን ያዙ። ሻንጣ ወይም ማቀዝቀዣ ሳጥን ከ61 በ38 በ46 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም። የሕፃን ጋሪ ወርዱ ከ79፣ ርዝመቱ ከ132 ሳንቲሜትር ከበለጠ ይመለሳል። የሰልፊ እንጨት ከ2015 ጀምሮ ክልክል ነው። የልጅ መጫወቻ ሽጉጥም እንደዚያው። ሌላው የኦርላንዶ ፓርክ ዩኒቨርሳል ደግሞ ምግብ ላይ ጠበቅ ይላል፣ ውኃና ትንንሽ መክሰስ ነው የሚያሳልፈው። እንጀራ ጠቅልላችሁ ብትሄዱ እንጀራው መኪና ውስጥ ይውላል።

ሴቶች ቁልፋችሁ ላይ የምታንጠለጥሉት በርበሬ የሚረጭ ነገር አለ አይደል? እሱን አውልቁት። ብርቱካን መላጫ ቢላዋም እንደዚያው። ሁለቱም የሚረሱት ሁልጊዜ ከእኛው ጋር ስለሚውሉ ነው።

3. ቦርሳውን ማዘጋጀት (ዋናው ነገር ይህ ነው)

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚያይ እንወቅ። ዲዝኒ ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ ቦርሳ በእጅ መፈተሽ ጀመረ። በታኅሣሥ 2015 የብረት መፈተሻ በር ጨመረ። በ2020 ደግሞ ኢቮልቭ የሚባለውን ማሽን አመጣ። በዚህኛው ሳትቆሙ፣ ኪሳችሁንም ሳታራግፉ፣ ቦርሳችሁን እንዳንጠለጠላችሁ ነው የምታልፉት። የሰውነታችሁን ምስል አያወጣም። የብረቱን መጠንና ቅርጽ ገምቶ አጠራጣሪ ያለውን ቦታ በስክሪን ላይ ያመለክታል። ፈታሹም የሚከፍተው ያንን ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሲጮህ ግን ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ለማይረባ ነገር ነው። ጃንጥላ። ፔርሙስ። የብረት መነጽር ማኅደር። ላፕቶፕ። በ2024 የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን የኢቮልቭን አምራች ኩባንያ ማሽኑ አደገኛውን ከማያሰጋው የሚለይበትን ችሎታ አጋንኖ አስተዋውቋል ብሎ ከሶታል። የእማዬም ቦርሳ የጮኸው በጠበሉ አልነበረም፣ በእምነቱም አልነበረም። እኔ ከታች የጣልኩት ፔርሙስ ነው! ሻይ ሞልቼ ቦርሳዋ ውስጥ የከተትኩት እኔ፣ ገበናዋ የተሰጣው የእሷ።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው። ማሽኑን የሚያስጮህ ዕቃና ሰው እንዲያየው የማትፈልጉት ዕቃ አንድ ቦርሳ ውስጥ አይደሩ። ብረታ ብረቱን ሁሉ አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርጉና ከቤተሰቡ ዓይን አውጣ የሆነው ሰው ይያዘው። እኛ ቤት እኔ ነኝ። የኔ ቦርሳ ቢገለበጥ የሚወጣው ፓወር ባንክና የልጆች ካልሲ ነው። እማዬ በትንሽ የጨርቅ ቦርሳ የራሷን ትይዛለች፣ ብረት የሚባል የለበትም፣ ማሽኑም ዝም ይላታል።

የግል የምትሉትን፣ ሞዴስ ይሁን ቅያሪ ልብስ ይሁን መድኃኒት፣ ዚፕ ባላት አንዲት ትንሽ ከረጢት አድርጉ። ብርሃን የማታሳልፍ ትሁን። ብዙ ሰው ሁሉን የሚያሳይ የላስቲክ ቦርሳ ግዙ ይላል። እኔ አልወደውም። ስታዲየም በግድ ነው ይባል፣ ፓርክ ውስጥ ግን ለሁለት ደቂቃ ፍተሻ ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ዕቃችሁን ለሀገር ስታሳዩ ልትውሉ ነው። ፈታሹ ከረጢቷን ልክፈት ካለ "የግል ዕቃ ነው፣ እኔ ልክፈተው?" በሉት። ከፍታችሁ ወደ እሱ ብቻ አዘንብሉለት። እኔ ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ፣ እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም። የሚፈልገው መሣሪያ ነው እንጂ የእናንተ ሞዴስ ለእሱ ምኑም አይደለም።

መድኃኒት ከፋርማሲው ዕቃ ሳይወጣ፣ ለቀኑ የሚበቃው ብቻ። ስማችሁና የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበትን ፊት ወደ ውስጥ አዙሩት። የኢንሱሊን መርፌ ያለው ሰው ሳይጠየቅ አስቀድሞ ይንገር፣ ተጠይቆ ከመንተባተብ ይሻላል።

ዱቄት ላይ ጠንቀቅ በሉ። ለእኛ በሶ በሶ ነው። ለእነሱ ግን በፌስታል የተቋጠረ፣ ስም ያልተጻፈበት ቡናማ ዱቄት ነው። በሶውን ቤት በጥብጣችሁ በላስቲክ ኮዳ ያዙት፣ ወይም ጭኮ አድርጉት። ሚጥሚጣም ከያዛችሁ ሱቅ የታሸገው ይሁን። እምነትና ጠበል ደግሞ ሆቴል ይቀመጡ። እማዬ በዚህ መጀመሪያ ተከፍታ ነበር። ጠዋት ሳንወጣ ትቀባና ትጠጣ ተባብለን ተስማማን።

ጎረምሳ ልጅ ያላችሁ፣ የሱን ቦርሳ በር ላይ ከምታዩት ቤት አብራችሁ እዩት። ከዚህ በላይ አልናገርም።

4. ማሽኑ ጋ

ጃንጥላውን፣ ፔርሙሱን፣ የመነጽር ማኅደሩን ከቦርሳ አውጡና በእጃችሁ ከፊታችሁ ዘርግታችሁ እለፉ። ሠራተኞቹ ራሳቸው ሲጮኹ ትሰማላችሁ፣ ሰው ግን አይሰማቸውም። ቦርሳ ያልያዘ ሰው ፈጥኖ ያልፋል፣ አያቶችንና ልጆችን አስቀድሙ።

ዩኒቨርሳል ኦርላንዶ ቦርሳው እንደ አየር ማረፊያ በኤክስሬይ ያልፋል። ያ ለእኔ ይሻለኛል። ማሽኑ ሁሉን ያያል፣ ሰልፈኛው ግን ምንም አያይም።

ወደ ጎን ከተጠራችሁ ቦርሳ ውስጥ እጃችሁን አትክተቱ፣ ለመርዳት ብላችሁም ቢሆን። "ቦምብ" የምትል ቃል በቀልድም አትውጣ። ፍተሻው ሰውነት ላይ ወይም ራስ ላይ የጠመጠማችሁት ነጠላና ሻሽ ላይ ከደረሰ ሴት ፈታሽና ሰው የማያይበት ቦታ ጠይቁ። አዲስ አበባ ሴትን ሴት ስለምትፈትሽ እናቶቻችን ሳይጠይቁ የሚሆን ይመስላቸዋል። እዚህ አፍ አውጥታችሁ ካልጠየቃችሁ ማንም አያስታውስላችሁም። እናትየው እንግሊዝኛ ካልቻለች አጠገቧ ቁሙ፣ ቀድማችሁ አትለፉ። እኔ ያን ቀን ከልጆቹ ጋር አሥር እርምጃ ቀድሜ ነበር።

5. ከቦርሳው በኋላ ያለው ፍተሻ

ይህን ብዙ ሰው እንደ ፍተሻ አይቆጥረውም። ዲዝኒ ወርልድ ቲኬት ስታስነኩ ጣታችሁንም እንድታስነኩ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ቲኬቱን ለሌላ ሰው እንዳታውሱት ነው። ኩባንያው ምስሉን ወደ ቁጥር ቀይሬ ምስሉን እጥለዋለሁ ይላል። የማትፈልጉ ከሆነ ፎቶ ያለበት መታወቂያ አሳይታችሁ ትገባላችሁ። ጠይቁ ብቻ። እኔ መታወቂያ ነው የማሳየው፣ ባለቤቴ ደግሞ "ስልክህን በምን ነው የምትከፍተው?" እያለች ትስቅብኛለች።

ልጆች ላይ ግን አልስቅም። ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ሲክስ ፍላግስ የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ የ14 ዓመት ልጅ የአውራ ጣት አሻራ ለወቅት ቲኬት ብሎ ሲወስድ እናትየዋን አስቀድሞ በጽሑፍ አላስፈቀደም ተብሎ ተከሷል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ሌላ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልግ መክሰስ ይቻላል አለ። ሕጉ የኢሊኖይ ነው፣ በ2008 የወጣ። ፍሎሪዳ ላይ አይሠራም። እዚያ ያላችሁ አማራጭ መታወቂያው ነው።

6. ሎከርና ተመልሶ መግባት

ዩኒቨርሳል እንደ ሐልክ (ሮለር ኮስተር ነው) ያሉት ትልልቅ መጫወቻዎች በር ላይ ሌላ የብረት መፈተሻ አለ። ሳንቲምና ስልክ እንኳ በኪስ አይቻልም፣ ሎከር ውስጥ ይቀመጣል። የማይሳፈር ሰው ካለ ዕቃውን ለሱ ስጡና ሎከሩን ተዉት።

ቀትር ላይ ልጆቹን ለማስተኛት ሆቴል ሄዳችሁ ከተመለሳችሁ ፍተሻው ከአንድ ጀምሮ እንደገና ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ደክሟል፣ የጠዋቱን አደረጃጀት ማንም አያስታውሰውም፣ ዝናቡም ስላባራ ጃንጥላው ተመልሶ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ከቻላችሁ ከመኪና ስትወርዱ ዳግም አንድ አፍታ እዩት። እኔ ባለፈው ሳላይ ሄድኩና አሁንም ጮኸ። ደግነቱ የኔ ቦርሳ ነበር፣ ካልሲ ነው የወጣው።