ቁስሉ ትንሽ፣ ጭንቀቱ ትልቅ፦ ስለ ኤችአይቪ ስንሰጋ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ወረቀት ጣትዎን ቆረጠዎት። ወይም የበር እጀታ ላይ ቀይ ነገር ነክተው፣ እጅዎን ሲያዩት የትናንት ጭረት አለበት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ፍለጋ ነው። እንዲህ የሚሰጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስጋቱን የሚያባብሱት ደግሞ ጥቂት የተለመዱ ስህተቶች ናቸው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ማንኛውንም ጭረት ለቫይረሱ ክፍት በር አድርጎ መቁጠር ነው። ኤችአይቪ እንዲተላለፍ ቫይረሱ ያለበት ደም፣ የዘር ፈሳሽ፣ የብልት ወይም የፊንጢጣ ፈሳሽ፣ ወይም የእናት ጡት ወተት በበቂ መጠን ሰውነት ውስጥ መግባት አለበት። ላብ፣ እንባና ምራቅ አያስተላልፉም። ጤናማ ቆዳም ቫይረሱን አያሳልፍም። ትንሽ ጭረት ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ደሙ ይረጋል፣ ቅርፊት ይይዛል። አንድ ቁጥር ልንገርዎት። ቫይረሱ ያለበት ሰው ደም የነካው መርፌ የጤና ባለሙያን ሲወጋ እንኳ፣ የመተላለፍ ዕድሉ 0.23 በመቶ ገደማ ነው። መርፌው 1000 ጊዜ ቢወጋ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ያውም መርፌው ቆዳን በስቶ ገብቶ! ከዚህ አንጻር የበር እጀታው ምን ያህል እንደሚያሰጋ እርስዎ ይፍረዱ።

ሁለተኛው፣ የደረቀ ደምን እንደ ትኩስ ደም መፍራት ነው። ቫይረሱ ከሰው አካል ውጭ አይራባም፤ ደሙ ሲደርቅም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አብዛኛው ይሞታል። ለሳምንታት ይቆያል ተብሎ የሚወራውም ከሜዳ አልመጣም፤ በመርፌና ሲሪንጅ ውስጥ የቀረ ደም አየር ስለማያገኘው ቫይረሱን ለረጅም ጊዜ ሊያቆይ ይችላል። ለዚህ ነው መርፌ መዋዋስ እውነተኛ አደጋ የሚሆነው። ወንበር ላይ የደረቀች ጠብታ ግን ሌላ ጉዳይ ናት።

ቁስሉን መጭመቅ፣ በረኪና ወይም አሲድ ማፍሰስስ? አይጠቅምም፤ ሥጋውን ይጎዳል እንጂ። በውኃና በሳሙና ይጠቡት፣ ይሸፍኑት፣ በቃ።

ሌላው ስህተት ኤችአይቪን ብቻ እያሰቡ ሌላውን መርሳት ነው፤ በእኔ እይታ ይህኛው ያስቆጫል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ አይዋዋሱ የሚባለው ለእሱም ጭምር ነው። ክትባት አለው። ቆሻሻ ብረት ከቆረጠዎት ደግሞ ቶሎ ማሰብ ያለብዎት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎን ነው።

አንዳንዱ በማይረባው ሲጨነቅ ከርሞ፣ እውነተኛው ስጋት ሲመጣ «ቆይ እስቲ ልየው» ይላል። ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት ካደረጉ፣ ሌላ ሰው የተጠቀመበት መርፌ ከወጋዎት፣ ወይም የሌላ ሰው ትኩስ ደም ክፍት ቁስልዎ ውስጥ ከገባ ሰዓት ይቆጠራል። የመከላከያ መድኃኒቱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ያስፈልግ አያስፈልግ ሐኪሙ ይወስናል።

ቫይረሱ በደሙ ያለበትን ሰው መሸሽም ስህተት ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ አያስተላልፍም። አብሮ መብላት፣ መጨበጥ፣ መተቃቀፍማ ድሮም አያስተላልፍም።

የመጨረሻው፣ በምልክትና በጥድፊያ ምርመራ መታመስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ከታዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው፤ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ። ጉንፋንም እንዲሁ ያደርጋል። በማግስቱ መመርመርም ስለዚያ ቀን ክስተት ምንም አይነግርዎትም። ከደም ሥር ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚሠራው ዘመናዊ ምርመራ ቫይረሱን የሚያገኘው ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ በራስ የሚደረገው መመርመሪያ እስከ 90 ቀን ሊፈልግ ይችላል። ጊዜው አልፎ ውጤቱ ነጻ ካለዎት ነጻ ነዎት። ከዚያ ወዲያም በየሳምንቱ ካልተመረመርኩ ካሉ፣ የሚያስፈልግዎት ሌላ የደም ምርመራ ሳይሆን ስለ ጭንቀቱ የሚያነጋግሩት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው።